ዜና የሞላት ከተማ፣ ዜና ያጣ ነጋዴ

ታኅሣሥ 29 ቀን ማለዳ ላሊበላ ቤተ ማርያም የደረሰ ሰው፣ ካህናቱ ግማሾቹ ከአለቱ ጠርዝ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ሆነው በ“ቤዛ ኩሉ” ሲያሸበሽቡ ያያል። ከነጠላና ከመቋሚያ ቀጥሎ በብዛት የሚያየው ካሜራ ነው። የአገር ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፤ የውጭ ዜና ወኪል አለ፤ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው የሚል ፈረንጅ አለ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ የያዘው ወጣትማ አይቆጠርም። ከዚያ ወጥቶ ወደ ከተማው ሲዘልቅ ነጭ የላስታ ማር ደርድራ የተቀመጠች ነጋዴ፣ ስድስት ክፍል ያለው ማረፊያ የከፈተ ጎልማሳ፣ የእንጨት መስቀል የሚቀርጽ ባለሙያ ያገኛል። ካሜራው በፊታቸው አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደ እነርሱ አይዞርም።

ከአዲስ አበባ ውጭ እንደ ላሊበላ በዓለም ጋዜጦች የተጻፈላት የኢትዮጵያ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያችው ከተማ ግን አንድ አነስተኛ ነጋዴ ስለ ሥራው ሁለት አንቀጽ እንዲጻፍለት ቢፈልግ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። የከተማዋ ዝና የነጋዴው ዝና አይደለምና። ይህ ገጽ ዘወትር ስለ ጤፍ፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ምንዛሪ ቢያወራም፣ ዛሬ የሚያነሣው ዕቃ ሚዛን ላይ አይወጣም። ወሬ ነው።

ወሬ ዋጋ አለው ሲባል ለማጋነን አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተመው ጥናት፣ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢ የማያውቅ ከሆነ ገዢው ለሁሉም ዕቃ ዝቅ ያለ ዋጋ እንደሚሰጥ፣ በዚህም የተነሣ ጥሩው ዕቃ ከገበያ እየወጣ መጥፎው እንደሚቀር አስረድቷል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ሲጋራ ይኸው ጥናት ዋናው ነበር። መርካቶ ለዋለ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ላሊበላ ደግሞ የዚህ ችግር ዓይነተኛ ምሳሌ ናት። እንግዳው ሁለት ሌሊት አድሮ ይሄዳል፤ ምናልባት በዕድሜው አይመለስም። ማሩ ስኳር ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ደንበኛ የሚባል ነገር በሌለበት ገበያ የደንበኝነትን ሥራ የሚሠራው የሦስተኛ ሰው ቃል ነው። በዚህ ዓይን ካየነው ጋዜጠኛም አንድ ዓይነት ደላላ ነው፤ ልዩነቱ ከሻጭ ኮሚሽን አለመቀበሉ ነው። የተቀበለ ዕለት ገዢው ማመኑን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ጋዜጠኝነቱም ደላላነቱም ይቀርበታል።

የሦስተኛ ሰው ቃል በላስታ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ሲጽፍ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሠግቶ ነበር። መጽሐፉ በ1540 ታተመ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ላሊበላ አንዷ ነበረች። በ1995 ደግሞ የፊሊፕ ብሪግስ የኢትዮጵያ ጉዞ መምሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። እንዲህ ያሉት መምሪያዎች እየበዙ ሲሄዱ ነው ወሬው ከአለቱ ወደ አልጋውና ወደ ማዕዱ የወረደው። ፈረንጁ ከአውሮፕላን ሳይወርድ ሰባት ወይራ ሆቴልን፣ ቶርፒዶ ጠጅ ቤትን በስም ማወቅ ጀመረ።

ከሁሉም ይልቅ የቤን አበባን ነገር መመርመር ይጠቅማል። ይህን ምግብ ቤት የከፈቱት አንዲት ጡረታ የወጡ የስኮትላንድ መምህርትና ኢትዮጵያዊ ሸሪካቸው ናቸው። “ቤን” በስኮትላንዶች አነጋገር ተራራ ማለት ነው፤ “አበባ” የእኛው አበባ ነው። ሕንፃው ገደል አፋፍ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ ከሩቅ ሲያዩት ምን እንደሆነ ለመለየት የሚያስቸግር ነው። በምግብ ዝርዝሩም ላይ ከአገር ቤቱ ወጥ ጎን ከተፈጨ ሥጋና ከድንች የሚጋገረው የእነዚያ አገር ምግብ ይቀርብ ነበር። የጉዞ ጸሐፊ እዚያ ሲደርስ አርእስቱ፣ ፎቶግራፉና ባለታሪኩ ተሰናድተው ይጠብቁታል። እናም ተጻፈለት፤ ደጋግሞ ተጻፈለት። ልብ ይበሉ፣ የተጻፈለት ምግቤ ይጣፍጣል ስላለ አይደለም። ምግቤ አይጣፍጥም የሚል ምግብ ቤት የት አለና?

ስኮትላንዳዊት ሸሪክ የሌለኝ ምን ላድርግ የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለእርሱ የመቄት ገበሬዎች ይጠቅሱለት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ከላስታ አጎራባች በሆነው በመቄት፣ “ተስፋ” በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ አማካይነት ገበሬዎች በአፋፉ ላይ ጎጆ ሠርተው በእግር የሚጓዝ እንግዳ ማሳደር ጀመሩ፤ ሥራው በኋላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢም ተስፋፋ። የውጭ ጋዜጦች የጉዞ ገጾች እየተቀባበሉ ጻፉላቸው። ጎጆ፣ እንጀራና በቅሎ በየትኛውም ወረዳ አለ። ወሬ የሆነው እንግዳውን የሚያሳድረው ገበሬው ራሱ መሆኑና ገንዘቡ ለማኅበሩ መግባቱ ነው።

ይሁንና ይህ ሁሉ የተጻፈው ለማን ነው? ለፈረንጅ፣ በእንግሊዝኛ። የዚህ ዋጋ የታየው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ውስጥ ገባ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ተመላለሰች። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በፋኖና በመንግሥት ኃይሎች መካከል በተነሣው ውጊያ በረራ ተቋረጠ። በእነዚያ ሰሞናት የላሊበላ ስም በታላላቆቹ የዓለም ዜና ማሰራጫዎች አርእስት ላይ ነበር። በገበያ ቋንቋ አቅርቦቱ ሞልቶ ፈሷል። ነገር ግን እያንዳንዱ ዜና አልጋ የሚያሰርዝ ነበር። በረራ ሲቋረጥ ፊት ገጽ ላይ ይወጣል፤ ሲጀመር የሚጽፈው ቢኖር በውስጥ ገጽ ሦስት መስመር ነው። ማረፊያ ቤት ያለው ሰው ለዚህ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ለንደን ያለውን አዘጋጅ ጠርቶ የእኔ ሰፈር ደህና ነው ሊለው አይችልምና።

ለገና የሚመጣው ተሳላሚ ግን በዚያ ዜና አይመራም። ከዘመድ ይሰማል፣ ከአጥቢያው ይሰማል፣ በአማርኛ ሬዲዮ ይሰማል። በእግሩ የሚመጣው በእግሩ፣ ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚነሣው የጉዞ ማኅበር ባዘጋጀው አውቶቡስ ይመጣል። አንድ ፈረንጅ በአንድ ቀን የሚያወጣውን ለማውጣት ሃያም ይሁን ሠላሳ ተሳላሚ ያስፈልግ ይሆናል፤ ሆኖም የሚመጣው በሃያና በሠላሳ ሳይሆን በብዙ ሺሕ ነው፤ ማርም ጧፍም ይገዛል፤ የሚቀጥለው ዓመትም ሊመለስ ይችላል። ደንበኛ ማለት ይኸ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የላሊበላ አነስተኛ ነጋዴ ትልቁ ስሕተት ለዚህ ገዢ የሚጽፈውንና የሚናገረውን የአማርኛ ጋዜጠኛ እንደ ዕቃ አለመቁጠሩ ነው። የፈረንጅ መምሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ሲመጣ በግ ይታረዳል፤ የክልሉ ሬዲዮ ሪፖርተር ሲመጣ ባለቤቱ የለም ይባላል።

እኛስ ዘንድ ምን ይደርሳል? ይህ ጸሐፊ በአንድ ወቅት በሠራበት ዝግጅት ክፍል የአንድ ማረፊያ ቤት የምረቃ መግለጫ ደርሶት ነበር። አራት ገጽ ነው። በምረቃው የተገኙት ባለሥልጣናት ስም ከነማዕረጋቸው አንድ ገጽ ተኩል ይዟል። ስንት ክፍል እንዳለው፣ አልጋው ስንት ብር እንደሆነ፣ ውኃ ከየት እንደሚያመጣ ግን የለም። ስልክ ደውለን ብንጠይቅ “ይህ የውስጥ ጉዳይ ነው” የሚል መልስ ተሰጠን። አልወጣም። በአንጻሩ በዚህ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ የማር ቆረጣው ስላነሰ ዋጋው በኪሎ ይህን ያህል ጨምሯል ብላ የምትደውል ማር ነጋዴ ብትገኝ ለዚህ ገጽ ዜና ናት። ስሟም ሱቋም አብሮ ይወጣል። ጋዜጠኛ የሚፈልገው ምስጋና የሚያቀርብለት ሰው ሳይሆን ቁጥር የማይደብቀውን ሰው ነው።

ገንዘብን በተመለከተም መነጋገር አለብን። “አበል ካልተቆረጠለት ሪፖርተር አይመጣም” የሚለው ወሬ በነጋዴው ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሐሰት ነው ብሎ መማል አይቻልም። ከፍሎ ማስነገር ነውር የለበትም፤ ማስታወቂያ ይባላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም የሚለው ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በግልጽ ይለይ ነው። ነውሩ ከፍሎ ዜና ማስመሰል ነው። ማለዳ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙትም ላሊበላ ይባላሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ያወድሳሉ፣ ምጽዋት ይቀበላሉ። ዜማው ያምራል። ነገር ግን ያንን ሰምቶ ለዚያ ቤት ባለቤት ብድር የሚሰጥ የለም።

በወሬ የተጠቀመ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ የለም እንዳይባል፣ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመሩት ሶልሬብልስ አለ። ከአሮጌ ጎማ ሶል የተሠራ ጫማ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ በርበሶ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ፎርብስና ሲኤንኤን የመጡት ሰፈሩን፣ ጎማውንና የሠራተኛውን እጅ ስላሳዩ ነው።

ወደ ላስታ ስንመለስ አንድ የጊዜ ጉዳይ ይቀራል። ታኅሣሥ 27 ቀን ለሚደወል ስልክ የሚያነሣ አዘጋጅ አይገኝም፤ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ የሚደውል ግን ለበዓሉ ልዩ እትም ወሬ ሲያፈላልግ ይደርሳል፤ የሚጠየቀውም የአልጋው ዋጋ ለበዓል ስንት እንደሚሆን ነው። ያኔ የተናገሩት ዋጋ በሬዲዮ ከወጣ በኋላ ታኅሣሥ 28 ሌሊት ሦስት እጥፍ ካደረጉት፣ ተሳላሚው አዲስ አበባ ተመልሶ የሚደውለው ለዚያው ጣቢያ ነው።