ለትንሽ ፓርቲ የሚሰጥ ድምፅ የት ይደርሳል?

ዓርብ ከሰዓት ነው። ቂርያት ማላኪ፣ ወላጆቼ ቤት፣ ሰንበት ሳይገባ ቡና ተፈልቶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ አባቴና ታናሽ ወንድሜ በምርጫ ነገር ተነጋገሩ። አባቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከገባ ጀምሮ የሚመርጠው አንድ ፓርቲ ነው። ያኔ ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማይችል የሊኩድን ሦስት ፊደሎች፣ «ማሃል» የሚሉትን፣ በዓይኑ ለይቶ ያዛቸው። ዛሬም ከመጋረጃው ጀርባ ሲገባ እጁ የሚሄደው ወደዚያች ወረቀት ነው። ወንድሜ ደግሞ በቅርቡ ከጦር ሠራዊት የወጣ ነው። «እኔም ቀኝ ነኝ፤ ግን ትልቁን ፓርቲ አልመርጥም። በሐሳብ የሚቀርበኝ ትንሽ የቀኝ ፓርቲ አለ፤ ለእሱ ነው የምሰጠው» አለ።

«ልጄ፣ ድምፅህን ሜዳ ላይ ልትበትነው ነው?» አለው አባቴ።

«አባዬ፣ አንተ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰጥተሃቸው ምን አገኘህ? አንዴ ኪሳቸው ከገባህ ማን ያስታውስሃል?»

እናቴ ስኒውን አስቀመጠችና ከሁለቱም የሚከብድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ጎንደር የቀረችውን እህቴን የሚያመጣልኝ የትኛው ነው?» ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አይደለሽ የተማርሽው፤ ንገሪን» ተባልኩ። የዚያን ዕለት በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው። መጽሔታችን ለማንም ፓርቲ አይቀሰቅስም፤ እኔም እነ እገሌን ምረጡ ልላችሁ አልመጣሁም። ለትንሽ ፓርቲ የተሰጠ ድምፅ ምን እንደሚሆን ግን ሁላችንም ማወቅ አለብን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ገደቡ እንዴት ይሠራል?

ለክኔሴት ምርጫ አገሪቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ናት። የቂርያት ማላኪ፣ የገዴራና የያቭኔ ድምፅ ለብቻው አይቆጠርም፤ ከቴል አቪቩም ከኪርያት ሽሞናውም ጋር አንድ ላይ ይገባል። 120ው መቀመጫም ፓርቲዎቹ ባገኙት ድምፅ መጠን ይከፋፈላል። ነገር ግን መጀመሪያ አንድ በር አለ፤ በዕብራይስጥ «አሑዝ ሐሐሲማ» የሚባለው የመግቢያ ገደብ። ይህ ገደብ መጀመሪያ 1 በመቶ ነበር። ለ1992ቱ ምርጫ 1.5፣ ለ2006ቱ 2፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ 3.25 በመቶ ሆነ።

በ2022ቱ ምርጫ ይህ ወደ 155,000 ድምፅ ገደማ ማለት ነበር። ከዚያ በታች ያገኘ ፓርቲ አንድም መቀመጫ አያገኝም፤ መቀመጫዎቹ የሚከፋፈሉትም እሱን የመረጡት ሰዎች ጭራሽ ድምፅ እንዳልሰጡ ተቆጥሮ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ፓርቲው ባያልፍም ከትልቁ ጋር የትርፍ ድምፅ ስምምነት ስላለው ድምፄ ወደዚያ ይሄዳል» ሲባል ሰምቻለሁ። አይሄድም። ያ ስምምነት የሚሠራው ሁለቱም ፓርቲዎች ገደቡን ካለፉ ብቻ ነው። የማያልፍ ፓርቲ ድምፅ ወደማንም አይተላለፍም።

በትንሽ የቀሩት

በኤፕሪል 2019 የናፍታሊ ቤኔትና የአየሌት ሻኬድ አዲሱ ቀኝ ፓርቲ 138,598 ድምፅ፣ ማለትም 3.22 በመቶ አገኘ። ገደቡን ለማለፍ የጎደለው ከ1,500 ያነሰ ድምፅ ነበር። በዚያው ምርጫ የሞሼ ፌይግሊን «ዘሁት» ፓርቲ 118,031 ድምፅ አግኝቶ እሱም ውጭ ቀረ። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው «ከሊኩድ ሌላ አማራጭ እፈልጋለሁ» ብሎ የሰጠው ድምፅ አንድም ወንበር አላስገኘም። ኔታንያሁ ጥምረት መመሥረት አቃታቸው፤ ክኔሴቱ ተበተነ፤ አገሪቱም በሴፕቴምበር እንደገና ወደ ምርጫ ሄደች።

በ1992ም ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። ከሊኩድ የበለጠ ቀኝ የነበረው «ቴሒያ» ፓርቲ ከሻሚር መንግሥት በገዛ ፈቃዱ ወጥቶ ለምርጫ ለብቻው ቀረበ፤ 1.2 በመቶ አገኘና ከክኔሴት ወጣ። ሌሎች ጥቃቅን የቀኝ ዝርዝሮችም ከደጅ ቀሩ። የራቢን ፓርቲ ከግራውና ከዐረብ ፓርቲዎች ጋር ተደምሮ ቀኙንና የሃይማኖት ፓርቲዎችን የበለጠው 61 ለ59 በሆነ ልዩነት ነው፤ መንግሥት የመሠረቱትም ራቢን ሆኑ።

ይህ የቀኝ ወገን ብቻ ችግር አይደለም። በ2022 በግራ በኩል ሜሬጽ 3.16 በመቶ አግኝቶ ቀረ፤ ባላድም አላለፈም። በቀኝ በኩልም «የአይሁድ ቤት» 1.19 በመቶ ብቻ አገኘ። ገደቡ የሚያየው ቁጥሩን እንጂ ሐሳቡን አይደለም።

የአሜሪካው መንገድ

የከተማችን ስም ራሱ ከአሜሪካ ጋር ያገናኘናል፤ ቂርያት ማላኪ፣ የመላእክት ከተማ፣ የተባለችው በሎስ አንጀለስ ስም ነው። ብዙዎቻችንም ዋሽንግተን ወይም ሌላ ከተማ ዘመድ አለን፤ «እዚያም ሁለት ፓርቲ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ መምረጥ ዋጋ የለውም» ይሉናል።

እዚያ ያለው በር ከእኛም የጠበበ ነው። በአብዛኛው ግዛት አንድ ድምፅ እንኳ ያስበለጠ እጩ ለፕሬዚዳንት ምርጫ የግዛቱን መራጮች በሙሉ ይወስዳል። በ1992 ሮስ ፔሮ ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ አግኝቶ ከግዛቶቹ ግን አንዱንም አላሸነፈም። በኋላ የሕገ መንግሥት ፓርቲ የተባለው ወግ አጥባቂ ፓርቲም እስካሁን አንድ ሰው ኮንግረስ አላስገባም። በእኛ አገር ግን 4 በመቶ ያገኘ ፓርቲ አራት አምስት መቀመጫ ይዞ መንግሥት ሊሠራ ወይም ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ፓርቲ ከንቱ ነው» የሚለው የአሜሪካ ምክር እዚህ እንዳለ አይሠራም። እዚህ ጥያቄው ፓርቲው ገደቡን ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው ነው።

የእኛ ሰዎች ሁለቱንም ሞክረዋል

ወላጆቻችን ለአንድ ፓርቲ ታማኝ የሆኑት በከንቱ አይደለም። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁዳውያን መሆናቸውን በመወሰናቸው ሻስን የሚያከብር ቤተሰብ ብዙ ነው። በ1977 መናሔም ቤጊን «ኢትዮጵያ ያሉትን አይሁዶች አምጡልኝ» ማለታቸው፣ ዘመቻ ሰሎሞንም በሻሚር ጊዜ መሆኑ ሊኩድን የውለታ ባለቤት አድርጎታል። (የሙሴ ዘመቻ ሲካሄድ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሌበሩ ሺሞን ፔሬስ ነበሩ።) ውለታ መመለስ የአባቶቻችን ባሕል ነው። ጥያቄው ውለታው በምን ያህል ምርጫ እንደሚከፈል ነው።

ለብቻ መውጣትንም ሞክረነዋል። የመጀመሪያው የቤተ እስራኤል የክኔሴት አባል አዲሱ መሰለ በ1996 በሌበር ገቡ። በ1999 ከአሚር ፔሬጽ ጋር ወጥተው «አም ኤሐድ» የተባለውን ትንሽ ፓርቲ ተቀላቀሉ። ፓርቲው ገደቡን አለፈ፤ ሁለት መቀመጫ አገኘ፤ እሳቸው ግን ከሁለቱ ውስጥ አልነበሩም። ፓርቲው አልፎም የእኛ ሰው ውጭ ሊቀር ይችላል።

በ2006 ደግሞ አብርሃም ንጉሤ «አቲድ ኤሐድ» የሚባል ፓርቲ መርተው ቀረቡ። 14,005 ድምፅ፣ 0.45 በመቶ አገኙ። ያኔ የሚያስፈልገው ከ62,000 በላይ ነበር። ዛሬ ሒሳቡ ይባስ ይከብዳል፤ በእስራኤል ያለነው ኢትዮጵያውያን ሕፃናቱም ተቆጥረው 170,000 ገደማ ነን። ሁላችንም፣ ገና ጡት የሚጠባውም ጭምር፣ ለአንድ ፓርቲ ብንመርጥ እንኳ በ2022ቱ ገደብ ጥቂት ብቻ ነበር የምንተርፈው። ስለዚህ የማኅበረሰቡ ፓርቲ ብቻውን በዚህ በር አያልፍም።

እኚሁ አብርሃም ንጉሤ በ2015 በሊኩድ ዝርዝር 27ኛ ሆነው ቀረቡ፤ ሊኩድ 30 መቀመጫ ስላገኘ ገቡ። ቀጥሎ የሆነው ለእናቴ ጥያቄ ዋናው መልስ ነው። በኖቬምበር 2015 መንግሥት ጎንደርና አዲስ አበባ ከሚጠባበቁት ወገኖቻችን ወደ 9,000 ሰው ለማምጣት ወሰነ። ወራት ሳይቆይ በጀት የለም ተብሎ ውሳኔው ቆመ። የኔታንያሁ ጥምረት ያኔ የነበረው 61 መቀመጫ ብቻ ነው። ንጉሤና የፓርቲ ባልደረባቸው ዳቪድ አምሳለም «ውሳኔው ካልተፈጸመ ከጥምረቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም» ብለው ቆሙ። በኤፕሪል 2016 በዓመት ውስጥ 1,300 ሰው እንዲገባ ስምምነት ተደረሰ፤ በኦክቶበርም የመጀመሪያዎቹ ገቡ።

ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው በትልቅ ፓርቲ ውስጥ መሆን ብቻውን ስለረዳቸው አይደለም። ጥምረቱ በአንድ ድምፅ የተንጠለጠለ ነበር፤ እነሱም እምቢ ለማለት ደፈሩ። ሊኩድ ሰፊ ጥምረት ቢኖረው ኖሮ ሁለት ሰው ቢያኮርፍ ሥራው አይቆምም ነበር።

ትንሽ ፓርቲም መንገድ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በሴፕቴምበር 2019 «ኦጽማ ይሁዲት» ለብቻው ወጥቶ 1.88 በመቶ አገኘና ቀረ። በ2022 ይኸው ፓርቲ ከ«ሃይማኖታዊ ጽዮናዊነት» ጋር በአንድ ዝርዝር ቀርቦ ዝርዝሩ 14 መቀመጫ አገኘ፤ በዚህ ዝርዝር የእኛው ሞሼ ሰሎሞን ክኔሴት ገቡ። አቋማቸውን እንውደደው አንውደደው፣ ስሌቱ ግልጽ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው እዚህ ላይ በቁጥር ታየ።

የከተማው ምርጫ ሌላ ነው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ክኔሴት ነው። ለከተማ ምክር ቤት ሒሳቡ ይለያል። እዚያ ሁለት ወረቀት እንሰጣለን፤ ቢጫው ለከንቲባ፣ ነጩ ለምክር ቤት ዝርዝር። ገደቡም የሚሰላው ሌላ ነው፤ የተሰጠው ድምፅ ለመቀመጫው ቁጥር ይካፈላል፤ የዚያን ሦስት አራተኛ ያገኘ ዝርዝር ያልፋል። ለምሳሌ አንድ ከተማ 10,000 ድምፅ ተሰጥቶ 15 መቀመጫ ቢኖራት፣ አንድ መቀመጫ 666 ድምፅ አካባቢ ነው፤ ገደቡ 500 ይሆናል። አምስት መቶ ሰው ደግሞ ሁለት ሠርግ ላይ የምናገኘው ሰው ነው።

በ2012 መጀመሪያ «ቤት ለኢትዮጵያውያን አንሸጥም፣ አናከራይም» የሚል ነገር በቂርያት ማላኪ ሲሰማ ሕዝባችን አደባባይ ወጥቶ ነበር። ሰልፉ አገር አንቀጥቅጧል። ስለ ሰፈር፣ ስለ መዋለ ሕፃናት፣ ስለ ማኅበረሰብ ማእከል በጀት በየወሩ የሚወሰነው ግን በከተማው ምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ለዚያ ምርጫ 17 ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል። በክኔሴት ምርጫ የሚበተን ድምፅ እዚህ ወንበር ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱን ከማንሳታችሁ በፊት

ወንድሜን እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቄዋለሁ፤ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ፓርቲው በተከታታይ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ገደቡን በሰፊው ያልፋል ወይስ ዳር ላይ ነው? አንድ ጥናት ብቻ አይታመንም፤ አዲሱ ቀኝን አስታውሱ።

ሁለተኛ፣ ለብቻው ነው የሚወጣው ወይስ ከሌላ ጋር ተጣምሮ? ዝርዝሮች የሚዘጉት ከምርጫው ሳምንታት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ለመወሰን እስከዚያ መጠበቅ አይከፋም።

ሦስተኛ፣ የእኛን ጉዳይ የሚይዝ ሰው በስንተኛ ቁጥር ላይ ነው? ለፎቶግራፍ የተቀመጠ 25ኛ በትንሽ ፓርቲ ውስጥ ክኔሴትን አያይም።

አራተኛ፣ ያ ሰው ከራሱ ፓርቲ ጋር «እምቢ» ያለበት ቀን አለ? ከሌለ በትልቅም ሆነ በትንሽ ፓርቲ መሆኑ ብዙ ለውጥ የለውም።

አምስተኛ፣ ፓርቲው ባያልፍ ይቆጨኛል? «አይቆጨኝም፤ ያመንኩበትን ብዬ ልውጣ» የሚል ሰው አለ። ይህም የተከበረ ነገር ነው። ከ1 በመቶ በላይ ያገኘ ዝርዝር ከመንግሥት የምርጫ ወጪ ድጋፍ ስለሚያገኝ ለሚቀጥለው ምርጫ መቆያ ይሆነዋል። ግን ዋጋውን አውቆ መክፈል አንድ ነገር ነው፣ ሳያውቁ መክፈል ሌላ።

በሚቀጥለው ዓርብ ይህን ሁሉ ለቤተሰቡ አስረዳሁ። አባቴ በሁለት ሰው እምቢታ 1,300 ሰው መግባቱን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «እኛ እኮ አንድ ቀን እምቢ ብለን አናውቅም» አለ። ወንድሜ ደግሞ ዝርዝሮቹ እስኪዘጉ እንደሚጠብቅ ተናገረ። እናቴ የማንን ፓርቲ እንደምትመርጥ አልነገረችንም። «የሚመጡት እጩዎች እዚህ ሰፈር ሲደርሱ እኔ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ፤ እህቴ መቼ ትመጣለች ብዬ» አለችና በረካውን ቀዳች።