ሞተር ብስክሌት አልነሣ ሲል

በአዲስ አበባ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ኖሮት መርካቶ ውስጥ ያለውን ሶማሌ ተራ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። አዲሱም አሮጌውም መለዋወጫ፣ ከፈረሰ መኪና የወጣ ብሎን እንኳ ሳይቀር፣ እዚያ ይፈለጋል። እኔም ባለፈው ክረምት ወደዚያ የሄድሁት ሞተሪኖ፣ ማለት ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ለመግዛት ነበር። አባቴ ዕቃ እያደረሱ ቤታችንን የሚያስተዳድሩባት አሮጌ ሞተር ብስክሌት አልነሣ ብላ 9 ቀን ቆማ ነበርና፣ ለመጻሕፍትና ለልብስ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ይዤ በችኮላ ወጣሁ።

ዕቃውን ገዝቼ ገጠምሁት። ማስነሻውን ስጫን ያው እንደ ፊተኛው አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። አባቴ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ ወደ ሻጩ ተመልሼ የሆነውን ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ሳትገዛ በፊት ለክተህ ነበር?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የፊት መብራቱ ደማቅ ነው፤ ስለዚህ ባትሪውም ሽቦውም ደኅና ነው» ብዬ መለስሁ። ሣቁና ቴስተራቸውን አዋሱኝ። አንባቢ ሆይ፣ ስሕተቴ በዚያች «ስለዚህ» ባልኋት ቃል ውስጥ ነበረች።

አስቀድሞ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል። ማስነሻው ሲጫን ፈጽሞ ድምፅ ከሌለ ፊውዙን፣ በመሪው ላይ ያለውን የሞተር ማጥፊያና በፍሪሲዮኑ መያዣ ሥር ያለችውን ትንሽ ማብሪያ መመርመር ነው፤ ማጥፊያው እንደ ተዘጋ ሳያይ አንድ ሰዓት ሙሉ የደከመ ጎረቤት አለን። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ቢደጋግም ብዙውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ በደኅና ዞሮ ካልተነሣ ግን ነገሩ የካንዴላ ወይም የቤንዚን ነው፤ እርሱ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። እንደ እኛዋ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ መለካት ግድ ነው።

በሚገባ ተሞልቶ ያረፈ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ የእኛውም ይህንኑ አሳየ። ማስነሻውን ተጭነን ስንለካ 11 ሆነ፤ በዚያ ሰዓት ጥቂት መውረዱ ነውር አይደለም። ቀጥሎ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው የኔጌቲቭ ራስ፣ ሁለተኛውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ታናሽ ወንድሜ ማስነሻውን ተጫነ። ሁለቱን የሚያገናኝ ወፍራም ሽቦ ስላለ ከግማሽ ቮልት ማነስ ሲገባው 3 ቮልት ሆኖ ተገኘ!

ሞተሪኖ ከባድ ሥራ አለበት። የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪኖች ላይ ከመገጠሙ በፊት ያን ሥራ አብዛኛው ነጂ በክንዱ ብረት እየዘወረ ይሠራው ነበር። ስለዚህም ሲነሣ 100 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን የኦም ሕግ እናስታውስ፤ በመንገዱ ላይ 0.03 ኦም ብቻ የሚሆን ዝገት ቢኖር፣ 100 ሲባዛ በ0.03፣ 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። ባለ 35 ዋት የፊት መብራት ግን የሚወስደው 3 አምፔር ያህል ስለ ሆነ በዚያው ዝገት ቢያልፍ እንኳ የሚያጣው 0.09 ቮልት ነው፤ ይህንንም ዓይን አይለየውም። እኔ በመብራቱ የተታለልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መፍቻው ብረት ነክቶ እሳት እንዳይፈጥር አስቀድሜ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ከዚያም ሽቦው ከሞተሩ ጋራ የታሰረበትን ብሎን ስፈታ ከሥሩ ቀለምና ዝገት ተጋግሮ አየሁ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጌ፣ አሮጌውን ሞተሪኖ ወደ ቦታው መልሼ፣ ሁሉንም አጥብቄ አሰርሁ። ቴስተሩ 0.2 አሳየ። ማስነሻውን አባቴ ራሳቸው ተጫኑት፤ ተነሣች።

ሻጩ የገዛሁትን ሞተሪኖ ከዋጋው ጥቂት ቀንሰው መልሰው ተቀበሉኝ። በቀነሱት ገንዘብ አንድ ቴስተር ይገዛ ነበር። እስካሁን አልገዛሁም፤ ሲያስፈልገኝ ከእርሳቸው እዋሳለሁ።