የኤሌክትሪክ ብስክሌት ወይስ ሞተር ሳይክል? ከመግዛትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መወሰኑ ወደ ኤሌክትሪክ ትራንስፖርት የሚደረገውን ሽግግር አፋጥኗል። ሆኖም «የኤሌክትሪክ ብስክሌት» በሚል ስም የሚሸጡ ተሽከርካሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ልዩነቱን ሳይገነዘቡ መግዛት ሰሌዳና መድን የማይወጣለት ንብረት ይዞ መቅረትን፣ አደጋ ሲደርስም ከባድ የካሳ ኃላፊነትን ሊያስከትል ይችላል።

ሦስቱ ዓይነቶች

1. ፔዳል አጋዥ፦ ሞተሩ የሚሠራው አሽከርካሪው ፔዳል ሲመታ ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥና እገዛው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቋረጥ ከሆነ እንደ ብስክሌት ይቆጠራል። ይህ የውጭ አገር መለኪያ በሻጭ ወረቀት ላይ ቢጻፍም በኢትዮጵያ ከምዝገባ ነፃ የሚያደርግ ማስረጃ አይሆንም።

2. በእጅ መያዣ የሚታዘዝ፦ ፔዳል ቢኖረውም መያዣውን በመጠምዘዝ ብቻ ይጓዛል። በአሠራሩ ለሞተር ሳይክል የቀረበ ነው።

3. የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል፦ ፔዳል የለውም። ነዳጅ ባይጠቀምም ሞተር ሳይክል ነው። በመሆኑም በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ምዝገባ፣ ሰሌዳና ዓመታዊ ምርመራ፣ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የመንጃ ፈቃድ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልገዋል።

በየትኛው መንገድ?

የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ሊነዳበት አይገባም። ለብስክሌት የተከለለ መስመርም ለሞተር ሳይክል የተፈቀደ አይደለም። የተለየ መስመር በሌለበት መንገድ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዞ መጓዝ ይገባል።

ለደጋ አካባቢ ነዋሪዎች

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር በከፍታ ምክንያት ጉልበት አይቀንስም፤ ዳገትና ብርድ ግን ባትሪው የሚያስኬደውን ርቀት ያሳጥራሉ። ሻጭ የሚነግርዎት ርቀት አብዛኛውን ጊዜ በሜዳ የተለካ ነው። በቁልቁለት ደግሞ ዋናው ጉዳይ የፍሬን ብቃት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

• የሞተሩን ኃይልና ከፍተኛ ፍጥነት በጽሑፍ ይጠይቁ።
• የሻንሲ ቁጥሩ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ።
• ተሽከርካሪው ከየትኛው ምድብ እንደሚመደብ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በአካባቢዎ ከሚገኘው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓይነቶች በሻጭ ቃል ብቻ አይግዙ።