ናፍታው ሲጨመር አየሩስ? የዲዝል ፒክአፕ ኢንጀክተርና ቱርቦ አብሮ ስለማሳደግ

የናፍታ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለይበት ዋነኛ ነገር ጉልበቱ የሚታዘዘው በአየር ሳይሆን በነዳጅ መሆኑ ነው። የቤንዚን መኪና አሽከርካሪ መርገጫውን ሲጫን አየር የሚያስገባው ክዳን ይከፈታል፣ ነዳጁም የገባውን አየር ተከትሎ በልኩ ይጨመራል፤ በናፍታ ሞተር ግን አየሩ ያለ ከልካይ ስለሚገባ፣ አሽከርካሪው በእግሩ የሚያዘው ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚረጨውን የናፍታ መጠን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሳ ተጨማሪ ጉልበት ለሚፈልግ ባለቤት መንገዱ አጭር ይመስላል፤ ይኸውም ብዙ ናፍታ የሚረጭ ኢንጀክተር መግጠም ነው። ይሁን እንጂ የተጨመረው ናፍታ የሚበቃውን አየር ካላገኘ ከፊሉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉም ጊዜው ካለፈ በኋላ እየነደደ ፒስቶን፣ ቫልቭና ቱርቦ የሚጎዳ ሙቀት ይሆናል።

በኬሚስትሪ ስሌት 1 ኪሎ ግራም ናፍታ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ይህ ግን የወረቀት ልክ ነው፤ ምክንያቱም ነዳጁ የሚረጨው ፒስቶኑ አየሩን አምቆ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲቃረብ በመሆኑ፣ ሁለቱ ለመደባለቅ የሚያገኙት ጊዜ ከሴኮንድ ጥቂት ሺኛ ክፍል አይበልጥም፣ በዚህ ጊዜ ውስጥም እያንዳንዱ የናፍታ ጠብታ የድርሻውን ኦክስጅን ማግኘት አይችልም። ስለዚህ ሞተሩ ያለ ጉልህ ጭስ እንዲሠራ ለ1 ኪሎ ግራም ናፍታ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ግራም፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ አየር ሊቀርብለት ይገባል። ኢንጀክተርንና ቱርቦን ማጣጣም የሚባለው ሥራ በመሠረቱ ይህ ድርሻ ሞተሩ በሚሠራበት የዙር ክልል ሁሉ እንዳይጓደል ማድረግ ነው።

ጉዳዩ በስፋት የሚሠራበት ከባድ ተጎታች የሚስቡ ፒክአፖች በበዙባት በአሜሪካ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ዋነኛ መሞከሪያ ሆኖ የኖረውም መቀመጫው በኢንዲያና ግዛት ኮሎምበስ ከተማ የሆነው የካሚንስ ኩባንያ ለዶጅ ራም ያቀረበው ባለ 5.9 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1989 በራም ፒክአፕ ላይ ሲገጠም 160 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሲሆን፣ በ2005 ሞዴል ግን የሲሊንደሮቹ ይዘት ምንም ሳይጨምር 325 ደርሷል። በመካከሉ ፋብሪካው ከቱርቦ የሚወጣውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ጨምሯል፣ የቫልቮቹን ቁጥር ከ12 ወደ 24 አሳድጓል፣ ቱርቦውን ለውጧል፣ በ2003 ሞዴል ደግሞ ኮመን ሬል የተባለውን የነዳጅ ሥርዓት አስገብቷል። ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ያደገው ነዳጅና አየር ተከታትለው ስላደጉ ነው፤ ኢንጀክተር ብቻ ገዝተው ወደ ጋራዥ የሚሄዱ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው።

በኮመን ሬል ሥርዓት ፖምፓው ናፍታውን ወፍራም ግድግዳ ባለው አንድ የጋራ የብረት ቱቦ ውስጥ አምቆ ያስቀምጣል፤ በ5.9 ሊትሩ ካሚንስ ላይ ይህ ግፊት እስከ 1,600 ባር ይደርሳል። ኢንጀክተሮቹ ከዚህ ቱቦ እየተቀበሉ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ይከፈታሉ፣ የሚረጩትም መጠን በቱቦው ግፊት፣ ክፍት ሆነው በሚቆዩበት ጊዜና በጫፋቸው ላይ ባሉት እጅግ ረቂቅ ቀዳዳዎች ስፋት ይወሰናል። ቀዳዳው ሳይነካ በኮምፒዩተር ትእዛዝ ብቻ ነዳጅ ለመጨመር ከተፈለገ ጊዜውን ማርዘም ይቻላል፤ ነገር ግን ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ዘንጉ በ1 ሴኮንድ 18,000 ዲግሪ ስለሚጓዝ፣ ለ2 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ የተከፈተ ኢንጀክተር ዘንጉ 36 ዲግሪ እስኪዞር ድረስ ይረጫል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ሲረዝም መጨረሻ ላይ የተረጨው ናፍታ የሚነደው ፒስቶኑ ወደ ታች መሸሽ ከጀመረ በኋላ በመሆኑ ፒስቶኑን የመግፋት አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ሙቀቱ ግን አይቀርም፣ ከጭሱ ጋር ይወጣል። እንግዲህ የሰፊ ቀዳዳ ኢንጀክተር ትልቁ ጥቅም የሚፈለገውን ናፍታ በአጭርና በተገቢው ጊዜ ማድረሱ ነው፤ ብዙ መርጨቱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

በኢንጀክተር ረገድ ከመጠኑ ይልቅ ጥራቱ የሚያሳስብበት ጊዜ ይበዛል። ቀዳዳዎቹ በቸልታ የተስፋፉ እንደሆነ ናፍታው እንደ ጉም ከመበተን ይልቅ በወፍራም ጠብታ ይወርዳል፤ ስድስቱ ኢንጀክተሮች በመሞከሪያ ማሽን ላይ ተለክተው ካልተመሳሰሉ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ ይሞቃል፤ ከተዘጋ በኋላ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ደግሞ ፒስቶን እስከ መብሳት ይደርሳል። የሚረጭበትም አቅጣጫ በፒስቶኑ አናት ላይ ካለው ጎድጓዳ ቅርጽ ጋር መግጠም ስላለበት፣ የመጀመሪያዎቹ የኮመን ሬል ካሚንስ ሞተሮች ኢንጀክተርና በኋላ የመጡት ሞተሮች ኢንጀክተር እንዲሁ በዘፈቀደ አይለዋወጡም።

ቱርቦ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን ተሽከርካሪ እንዲያዞር፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላኛው ተሽከርካሪም ከውጭ አየር ስቦ እያመቀ ወደ ሞተሩ እንዲያስገባ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የዚህን አሠራር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። የአየር መጭመቂያው ክፍል በምቾት የሚሠራበት የራሱ ክልል አለው። ከሚችለው በላይ አየር ሲጠየቅ ዙሩ ከመጠን ያልፋል፣ የሚያወጣውም አየር ከመብዛቱ ይልቅ መጋሉ ይበልጣል፤ በተቃራኒው ግፊቱ ከፍ ብሎ የአየሩ ፍሰት ሲያንስ አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይንቀጠቀጣል፣ ይህም ዘንጉንና ኩሽኔታውን ይጎዳል። አምራቾች ይህን ክልል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣሉ፤ ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የአየር ማስገቢያውን ተሽከርካሪ ስፋት በሚሊ ሜትር የሚናገረውን ቁጥር ብቻ ነው።

የጥምረቱን ምንነት በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። ባለ 5.9 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ ከአቅማቸው 90 በመቶ ያህል ይሞላሉ ቢባል፣ በደቂቃ 8 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይውጣል። ቱርቦው ከከባቢው አየር በላይ የ2 ባር ግፊት ቢጨምርና ኢንተርኩለሩ አየሩን ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያወርደው፣ ይህ አየር 25 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ20 ለ1 ድርሻ የሚቃጠለው ናፍታ 1.25 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በዚያ ደቂቃ 9,000 ጊዜ ስለሚረጭ ለአንዱ ጊዜ የሚደርሰው 165 ሚሊ ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ስድስቱ ኢንጀክተሮች አንድ አንድ ጊዜ ረጭተው 1 ሚሊ ሊትር ቢሞሉ ነው። ከዚህ የሚገኘው በግምት 450 የፈረስ ጉልበት ነው። አሁን ቱርቦው ባለበት ሆኖ ኢንጀክተሮቹ በ50 በመቶ የበለጠ ቢረጩ፣ በዚያው 25 ኪሎ ግራም አየር ላይ 1.9 ኪሎ ግራም ያህል ናፍታ ስለሚወርድ ድርሻው ወደ 13 ለ1 ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ለማቃጠል ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ ልክ በታች በመሆኑ ትርፉ ናፍታ በምንም ዓይነት ማስተካከያ ወደ ጉልበት ሊለወጥ አይችልም። ድርሻውን ለመመለስ በደቂቃ ከ37 ኪሎ ግራም በላይ አየር ያስፈልጋል፤ ይህን በአንድ ቱርቦ በዚህ ዙር ማቅረብ አስቸጋሪ በመሆኑም ነው ትልቅ ቱርቦ አየሩን አምቆ ለትንሹ የሚያቀብልበት ባለ ሁለት ቱርቦ አሠራር የመጣው።

አየር የማጣት መዘዝ በታሪክም ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1952 በኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ላይ ፍሬዲ አጋባሺያን ያሽከረከራት ባለ ቱርቦ የካሚንስ ዲዝል መኪና በማጣሪያው ዙር የፊተኛውን ቦታ ብትይዝም፣ ከ71 ዙር በኋላ ከውድድሩ ወጥታለች፤ ምክንያቱም የአየር ማስገቢያዋ ከመንገዱ በተነሳ የጎማ ብናኝ ተደፍኖ ነበር።

ተቃራኒው ስህተት፣ ማለትም ኢንጀክተሩ ሳይነካ ትልቅ ቱርቦ መግጠም፣ ሞተሩን በቶሎ አይጎዳም፣ ግን መኪናውን ሰነፍ ያደርገዋል። ትልቁን ተሽከርካሪ ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ጭስ ስለማይኖር መርገጫው ከተጫነ በኋላ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ጊዜ ይፈጃል፤ በከተማ ውስጥ የሚመላለስ ወይም ተጎታች ይዞ ከመስቀለኛ መንገድ የሚነሳ ፒክአፕም በዚህ ክፉኛ ይቸገራል። ስለዚህ ተጎታች ለሚስብ መኪና መጠነኛ ኢንጀክተርና ከፋብሪካው በመጠኑ የሚበልጥ ቱርቦ የተሻለ ምርጫ ነው፤ በውድድር ሜዳ የሚደነቀው ግዙፍ ጥምረት ለዕለት ሥራ ብዙም አይመችም። የጉልበት ግቡና የመኪናው ሥራ በቅድሚያ ከተወሰነ ለዚያ የሚበቃው አየር ይሰላል፣ ቱርቦው በአየሩ ይመረጣል፣ ኢንጀክተሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የቦታ ከፍታም ስሌቱን ይለውጠዋል። በባሕር ጠለል አካባቢ የ2 ባር ጭማሪ ለመስጠት ቱርቦው የከባቢውን አየር ግፊት 3 እጥፍ ማድረግ ይበቃዋል፤ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን የከባቢው ግፊት 0.77 ባር አካባቢ በመሆኑ ለዚያው ጭማሪ 3.6 እጥፍ ማመቅ አለበት። በባሕር ዳርቻ ከተማ በቂ የሆነ ቱርቦ በደጋ አገር ከዙር ልኩ ሊያልፍ የሚችለው፣ ቆላ ላይ የማይታየውም ጭስ መኪናው ሽቅብ ሲወጣ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉልበት ሲያድግ ቴስታታው ጓርኒሲዮኑን ጨምቆ መያዝ፣ ፍሪሲዮኑም ሳይንሸራተት ማስተላለፍ ስላለባቸው ወጪው በኢንጀክተርና በቱርቦ አይቆምም። በአሜሪካ ሕግም አለበት፤ ለመዝናናት ሲባል ጥቁር ጭስ የሚያስተፋ ማስተካከያ በተስፋፋበት ወቅት፣ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ከ550,000 በላይ የዲዝል ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው መነቀሉን ገልጿል።

ጥምረቱ መስመሙ የሚረጋገጠው ጭነት ተይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣ ነው። ከቱርቦው በፊት የተተከለ የሙቀት መለኪያ ለደቂቃዎች ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከቆየ ናፍታው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። ፒስቶኑ የሚሠራበት አሉሚኒየም ንጹሑ እንኳ በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ሲሆን፣ ፒስቶኑን የሚያቆየው ከሥር የሚረጭበት ዘይትና የትኩሱ ጋዝ ንክኪ አጭር መሆኑ ነው። ወደ ቱርቦው የሚገባው የጭስ ግፊት ወደ ሞተሩ ከሚገባው የአየር ግፊት ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ቱርቦው በልኩ ይሠራል፤ እጥፍ ከሆነ ግን የጭሱ ተሽከርካሪ ጠቧል፣ ሞተሩም ካገኘው ጉልበት ከፊሉን የገዛ ጭሱን ለመግፋት ያውለዋል።