ሴራሚክ፣ ላስቲክ፣ ቲንት፦ አዲስ መኪና ላይ የሚሸጠው ሽፋን

በዱባይ፣ በሻርጃ ወይም በአጅማን አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ዋጋ ተከራክሮ፣ ቀለም መርጦ፣ ባንኩም ብድሩን ፈቅዶለት «በቃ አለቀ» ብሎ እፎይ ሊል ሲል ሌላ ወረቀት ይቀርብለታል። ሴራሚክ ኮቲንግ፣ የቀለም መከላከያ ፊልም፣ የመስታወት ቲንት፣ የወንበር ጨርቅ መከላከያ፣ የሻንሲ ፀረ ዝገት በየመስመሩ ተደርድረዋል። አንድ በአንድ ሲታዩ ውድ ናቸው፤ «ፓኬጅ» ሲባሉ ርካሽ ይመስላሉ። ሻጩም ጠረጴዛው አጠገብ ካቆማት የኮፈን ቁራጭ ላይ ውሃ ያፈስሳል። በአንደኛው ግማሽ ላይ ውሃው ተነጥፎ ይቀራል፤ ሽፋን በተቀባው ግማሽ ላይ ግን ድቡልቡል እየሆነ ተንከባልሎ ይወርዳል። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ትርኢት ግን የሚያሳየው ሽፋኑ ውሃ እንደማይወድ ብቻ ነው። ከሱፐርማርኬት የተገዛ ተራ ሰምም ለጥቂት ሳምንታት እንዲሁ ያደርጋል። ገዢው መጠየቅ ያለበት ውሃው እንዴት እንደሚንከባለል ሳይሆን መኪናውን እዚህ አገር የሚጎዳው ምን እንደሆነ፣ የሚሸጥለትም ዕቃ ያንን መከላከል ይችል እንደሆነ ነው።

የዘመናዊ መኪና ቀለም በራሱ ሽፋን በሽፋን ነው። ላሜራው በፋብሪካ ውስጥ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል ፀረ ዝገት ቅብ ይይዛል። በላዩ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በመጨረሻም ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይከተላል። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ቫርኒሹ ብቻውን 40 ወይም 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን በዚህ ላይ የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ነው። ከሲሊካ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሲሆን ቫርኒሹ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል። ኬሚካልን ይቋቋማል፣ የወፍ ኩስ ቶሎ እንዳይበላው ጊዜ ይሰጣል፣ ለእጥበት ያመቻል፣ ያብረቀርቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጠጠር ግን አያቆምም።

ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው «9ኤች» የእርሳስ ደረጃ ነው። በቀለም ሙከራ ከለስላሳው 6ቢ ጀምሮ እስከ ጠንካራው 9ኤች ያሉ እርሳሶች ቅቡ ላይ ተራ በተራ ይገፋሉ፤ ሳይጭረው ያለፈው ጠንካራ እርሳስ ለሽፋኑ ደረጃ ይሰጠዋል። ገዢው ግን ቁጥሩን ሲሰማ አልማዝ 10 የሚያገኝበትን የማዕድናት የጥንካሬ ሚዛን ያስባል፤ ሻጩም አያርመውም። በዚያ ሚዛን በበረሃ አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ 7 ነው። የእርሳስ ፈተና ያለፈ ሽፋን በኳርትዝ ይጫራል።

ለመሆኑ አሸዋው ቀለሙ ላይ የሚደርሰው እንዴት ነው? ሻማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ አቧራው ሁሉንም ያለብሳል፤ በባሕሩ ወበቅ ምክንያትም ጠዋት ጠዋት ጤዛ ተጨምሮበት መኪናው ላይ ይጋገራል። ይህ ራሱ ብዙ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲጠረግ ነው። በሻርጃና በአጅማን በብዙ ፎቆች ሥር ናጡሩ፣ ማለትም የሕንፃው ጠባቂ፣ ወይም እሱ ያመጣው አጣቢ በወር በሚከፈለው ሒሳብ ሳይነጋ በፊት የነዋሪውን መኪኖች በተራ ያጥባል። የሚይዘው አንድ ባልዲና አንድ ጨርቅ ነው። ጥቂት መኪኖች እንደታጠቡ ውሃው ደፍርሷል፣ ጨርቁም አሸዋ ጠጥቷል። እዚያ ጨርቅ ላይ ያለው አሸዋ በኮፈኑ ላይ በክብ በክብ ይሄዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ጥቁሩ ቀለም የሸረሪት ድር የተሠራበት ይመስላል። ብዙ ሺህ ድርሃም የወጣበት ሴራሚክ ይህንን ባልዲ አይችለውም። ለናጡሩ «የእኔን አትንካ» ብሎ በየሳምንቱ ደህና ላቫጆ መሄድ ከሽፋኑ የበለጠ ቀለሙን ያቆያል። ናጡሩ እንዳይከፋው ሻይ መጠጫ መስጠት አይከለከልም።

ጠጠርን የሚችለው ሐበሻው «ላስቲክ» የሚለው ፊልም፣ በሙያው ስሙ ፒፒኤፍ ነው። የተሠራው ከፖሊዩረቴን ሲሆን ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል፤ የሴራሚኩን መቶ እጥፍ ማለት ነው። ታሪኩ ከቬትናም ጦርነት ይጀምራል፤ የአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተሮቹን ክንፍ አሸዋና ፍንጥርጣሪ እንዳይበላው ከፖሊዩረቴን የተሠራ ተለጣፊ ያለብሰው ነበር። ዛሬ ጥሩዎቹ ፊልሞች ቀላል ጭረት በሙቀት ራሱ እንዲጠፋ የሚያደርግ የላይ ቅብ አላቸው። ሙቀት ደግሞ በዱባይ ሐምሌና ነሐሴ የሚታጣ ነገር አይደለም።

ሥራው ሲሠራ ማየት ብዙ ያስተምራል። በዱባይ አል ቁዝ ወይም በሻርጃ ኢንዱስትሪ ሰፈሮች ሙያውን በሚያከብር ወርክሾፕ መኪናው በመጀመሪያ ይታጠባል፤ ከዚያ በእጅ ሲዳሰስ የሚሻክረውን ቆሻሻ ሁሉ ሸክላ በሚመስል ለስላሳ ነገር ይለቅሙታል። የተጫረ ካለ በማሽን ይወለወላል። ፊልሙ ሲለጠፍ ሠራተኛው በላስቲኩም በመኪናውም ላይ ሳሙና ያለው ውሃ ይረጭና ፊልሙን እያንሸራተተ ቦታው ያስይዘዋል፤ ከመሃል ወደ ዳር በመግፊያ ውሃውን ያስወጣል፤ ጠርዙን በጣቱ ወደ ውስጥ አጥፎ በሙቅ አየር ያደርቃል። በስፖኪዮው ጥምዝ ላይ ብቻ ብዙ ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። ሴራሚክም ቢሆን ችኮላ አይወድም፦ በትንሽ ስፖንጅ ተቀብቶ፣ ቀስተ ደመና መሰል ቀለም ሲያወጣ ጊዜው ሳያልፍ ተጠርጎ፣ ከዚያ አቧራና ውሃ ሳይነካው መድረቅ አለበት። መኪናው ዛሬ ከመጋዘን ወጥቶ ነገ ለገዢው በሚሰጥበት የሽያጭ ግቢ ይህን ያህል ጊዜ መገኘቱ ያጠራጥራል። ሳይወለወል የተቀባ ሴራሚክ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ጭረት አሽጎ ያስቀምጣል።

ላስቲኩ ለማን ይጠቅማል? በየቀኑ ከአጅማን ወይም ከሻርጃ ተነስቶ በኤምሬትስ ሮድ ከከባድ መኪና ኋላ እየተከተለ ጀበል አሊ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። ለእሱም ቢሆን መላውን መኪና ማልበስ አያስፈልግም፤ ጠጠር የሚያርፈው ፓራውልቱ፣ የኮፈኑ ፊት፣ ስፖኪዮዎቹና የመብራቶቹ መስታወት ላይ ነው። እነዚህን ብቻ ማልበስ ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ጥቁር ሌክሰስ የሚነዳ የሊሞዚን ሹፌር የራሱ መኪና ከሆነ የበር እጀታ ሥርና የሻንጣ መጫኛው ጠርዝ ላይም ቢያስለጥፍ አይጸጸትም። ቤቱ ዲራ፣ ሥራው ዲራ ሆኖ መኪናውን ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚያወጣ ሰው ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ በዚህ አገር በእርግጥ ዋጋ ያለው ቲንት ነው። ሕጉም ግልጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የጎንና የኋላ መስታወትን እስከ 50 በመቶ ማጥቆር ይፈቀዳል፣ ቀድሞ 30 በመቶ ነበር። ከዚያ ያለፈ 1,500 ድርሃም ይቀጣል፤ የፊት መስታወት አይጠቆርም። ገዢዎች የሚሳሳቱት ጥቁረትን ከቅዝቃዜ ጋር ማያያዛቸው ነው። ተራ ቀለም የተነከረ ፊልም ሙቀቱን ብዙም አያቆምም፤ የማይታየውን ኢንፍራሬድ ጨረር የሚመልስ ጥሩ ፊልም ግን ጥቁረቱ ትንሽ ሆኖም መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ያሳርፋል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ስንት ፐርሰንት ጥቁር ነው?» ሳይሆን «ምን ያህል ሙቀት ይመልሳል?» የሚል ነው። ብረት የተነከረበት ፊልም የስልክና መሰል የሬዲዮ ምልክቶችን ሊያዳክም ስለሚችል እሱንም መጠየቅ ደግ ነው።

የሻንሲ ፀረ ዝገት በፍጥነት ሊታለፍ የሚገባው ነው። ንግዱ የተወለደው በ1959 እ.ኤ.አ. ዚባርት የተባለው ኩባንያ በተቋቋመባት በዲትሮይት ነው፤ እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ የዚያን ዘመን ላሜራም ቶሎ ይበላ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ ዚንክ የለበሰ ላሜራ መጠቀም ጀመሩ፤ አውዲ በ1985 ሙሉ አካሉ ዚንክ የለበሰ መኪና አወጣ። በዱባይ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። በባሕር ዳር ያለው ጨዋማ አየር እውነት ቢሆንም የፋብሪካው ቅብ የተሠራው ለዚህም ጭምር ነው። የወንበር ጨርቅ መከላከያውም ቢሆን በቆርቆሮ ተገዝቶ በእጅ ሊረጭ የሚችል ነገር ነው።

ታዲያ ለምን ይገዛል? አንዱ ምክንያት የባንኩ ሒሳብ ነው። በኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ ደንብ ገዢው ቢያንስ 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይከፍላል፣ ብድሩም ከ60 ወር አያልፍም። ፓኬጁ 3,000 ድርሃም ነው እንበል። 5 በመቶ ቫት ሲጨመር 3,150 ይሆናል። ብድሩ ላይ ተደርቦ በዓመት 3 በመቶ ቋሚ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢታሰብ 3,622 ድርሃም ከ50 ፊልስ ይደርሳል። ሻጩ ግን «በወር 60 ድርሃም ብቻ» ይላል፤ እሱም አልዋሸም። ያው ሻጭ በረመዳን፣ ገበያው በሚደምቅበት ወቅት፣ ቲንቱንና ሴራሚኩን በነፃ እንደሚጨምር ማስታወስ ግን ይጠቅማል። በነፃ የሚሰጥ ነገር ዋጋው የሚደራደሩበት ነው።

ተጨማሪ ዕቃ በመኪና ላይ ጨምሮ መሸጥ በዱባይ ብቻ ያለ ልማድ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለገዢው ጥቅም የማይሰጡ ተጨማሪዎችን መሸጥ የሚከለክል ደንብ በዲሴምበር 2023 አውጥቶ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 ሥነ ሥርዓቱ አልተሟላም ብሎ ሻረው።

ከሽፋኑ ጋር የሚሰጠውን የአምስት ወይም የሰባት ዓመት ዋስትና የሚል ወረቀት እስከ ታች ማንበብ ያስፈልጋል። አብዛኛው ዋስትና መኪናው በየዓመቱ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ እንዲታይ ያዛል፤ አንድ ዓመት ካለፈ ይፈርሳል። ጠጠር፣ ጭረት፣ ሳይጠረግ የቆየ የወፍ ኩስ ከዋስትናው ውጭ ይደረጋሉ። ተሳክቶ ጥያቄው ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ የሚሰጠው እንደገና መቀባት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ሽፋን ከቶ የማይደርስበት አደጋም አለ፦ ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአል ዐይን አካባቢ ካትም አል ሸክላ በተባለ ቦታ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል፣ የዱባይና የሻርጃ ጎዳናዎችም ሲጥለቀለቁ፣ ውሃ የገባበትን ሞተር የትኛውም ሽፋን አላዳነም። ያን ቀን የጠቀመው የተፈጥሮ አደጋን የሚሸፍን ሙሉ ኢንሹራንስ ነበር።

ወደ አገር ቤት መኪና የሚልክ ሰው ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ከኤምሬትስ ወደ ጅቡቲ የሚጫነው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በዱባይ የተሰጠ የሴራሚክ ዋስትና አዲስ አበባ ላይ ወረቀት ነው፤ በየዓመቱ ለምርመራ አል ቁዝ የሚመልሰው የለም። የኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ በአብዛኛው በባትሪው ሳጥንና በፕላስቲክ መከላከያ የተሸፈነ ስለሆነ የሻንሲ ፀረ ዝገቱም ብዙ የሚሠራው የለውም። ከጅቡቲ ለሚያስገባው የጋላፊ መንገድና ለኮረኮንቹ ሰፈር የሚታሰብ ከሆነ የፊቱን ላስቲክ ማስለጠፍ ይበቃል።

እንግዲህ መግዛት የሚፈልግ ሰው መኪናውን ያለ ፓኬጅ ይረከብ፤ ቲንቱንና የፊቱን ላስቲክ ደግሞ ሥራቸውን ቆሞ ካያቸው፣ የፊልሙን ስምና የካርቶኑን ቁጥር ደረሰኝ ላይ ከሚጽፉ ሁለት ሦስት ወርክሾፖች ዋጋ ጠይቆ ያሠራ። ፓኬጁን ከሻጩ የሚገዛ ከሆነም እያንዳንዱ ዕቃ ከነዋጋው በየመስመሩ ይጻፍለት። የኤምሬትስ የ2020 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ቁጥር 15 ዝርዝር ደረሰኝ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ ሕጉን የተላለፈ ነጋዴ ከ10,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ሊቀጣ ይችላል። አቤቱታ በዱባይ ለሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ኮርፖሬሽን፣ በሻርጃና በአጅማን ለየኢኮኖሚ ልማት መምሪያዎቹ ይቀርባል። ሽፋኑን ያልገዛ ሰው የፋብሪካው ዋራንቲ፣ የቀለሙንና የዝገቱን ጨምሮ፣ እንዳለ ይቆይለታል፤ ሻጩ «ያለ ኮቲንግ ዋራንቲው አይሠራም» ካለው በጽሑፍ አድርጎ እንዲሰጠው ይጠይቀው።