በመስታወት ውስጥ ያለ ሚዛን፦ ማጣሪያ፣ መብራትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለእፅዋት አኳሪየም



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ እትም የሳይንስ ዓምዳችን ሕያው እፅዋት ስለሚበቅሉበት አኳሪየም እናወጋለን። አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች ለመኖሪያ ክፍላቸው ወይም ለቤተሰባቸው ቤት ትንሽ የዓሣ ገንዳ ማዘጋጀት አስበው «የትኛው መብራት ይሻላል?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ መቅደም ያለበት እሱ አይደለም። ዓሣን መስታወት ውስጥ ስናስገባው በወንዝና በሐይቅ የነበረውን መሸሻ ሁሉ ወስደንበታል። ውሃው ቢመረዝ ወይም እስትንፋስ ቢያጥረው የሚሄድበት የለም። ስለዚህ የምንገዛው ዕቃ ሁሉ የሚለካው በዓሣው እስትንፋስ ነው።

እንስሳትን በቤት ማኖር የሚፈቀድ ስለመሆኑ ዑለማዎች ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ይጫወትባት የነበረችው ትንሽ ወፍ ታሪክ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ድመት አስራ፣ ሳትመግባትና ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም በመድረሳ ሰምተነዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ፈቃዱ ከአማና ጋር መምጣቱን እንረዳለን።

ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ እንውሰድ። ውሃው ብቻ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ አሸዋውና መስታወቱ ሲጨመሩ የሚያነቃንቅ ጠረጴዛ አይችለውም። ቦታውን ካደላደልን በኋላ ወደ ሦስቱ ነገሮች እንግባ።

፩. ማጣሪያ፦ መጀመሪያ የሚተከለው

ማጣሪያ ሲባል ቆሻሻ የሚለቅም ወንፊት ብቻ ይመስላል። ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ወደ ውሃው ይለቃል፤ የተረፈ ምግብና የወደቀ ቅጠልም ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ በጥቂቱም ቢሆን መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዛማ ነው። ናይትሬት ግን ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም፤ ለእፅዋቱም ማዳበሪያ ይሆናል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በሚበቃ መጠን ለመራባት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ገንዳው በተሞላበት ቀን ዓሣ አይገባም። እፅዋቱ ይተከላሉ፣ ማጣሪያው ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት አሞኒያ እንዲገኝ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ይጨመራል። በመመርመሪያ ሲለካ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ጥቂት ዓሣ ይገባል።

ማጣሪያው በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቢያዞር ጥሩ ነው፤ ለ60 ሊትር ከ240 እስከ 360 ሊትር በሰዓት ማለት ነው። ስፖንጁ ሲደፈን በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ በክሎሪን የታከመ ውሃ ለሳምንታት ያሳደግናቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። ወደ ገንዳው የሚጨመር አዲስ ውሃም ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት ባልዲ ቢያንስ ለአንድ ቀን ይቀመጥ፣ ወይም ክሎሪን ማጥፊያ መድኃኒት ይጨመርበት።

፪. መብራት፦ የነዳጅ ፔዳሉ

እ.ኤ.አ. በ1779 ያን ኢንገንሁዝ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ቅጠሎችን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ሲመለከት፣ ፀሐይ ላይ ሲሆኑ የአየር አረፋ እንደሚያወጡ፣ ጨለማ ላይ ሲሆኑ ግን እንደሚያቆሙ አሳተመ። አረፋው ኦክስጅን ነበር። ዛሬም አኳሪየማችን ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ተክል በብርሃን ጉልበት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃን ወስዶ ስኳር ይሠራል፣ ኦክስጅን ይለቃል።

ከዚህ ተነስቶ «ብርሃን ሲበዛ ተክሉ ያምራል» ማለት ቀላል ነው፤ ግን አይሠራም። በእርሻ ሳይንስ የሊቢግ ሕግ በሚባለው መሠረት የተክልን እድገት የሚወስነው ከሁሉም ያነሰው ግብዓት ነው። ብርሃኑን እጥፍ አድርገን ካርቦኑ ባለበት ከቆመ ተክሉ ትርፉን ብርሃን ሊጠቀምበት አይችልም። የሚጠቀምበት አረንጓቴ (አልጌ) ነው። መስታወቱ አረንጓዴ የለበሰበትን ገንዳ ስናይ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መብራት ከሚገባው በላይ መብዛቱ ነው።

በመጠን እንነጋገር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማይጨመርበት ገንዳ በሊትር ከ15 እስከ 20 ሉመን ለመነሻ ይበቃል። ለ60 ሊትር ከ900 እስከ 1,200 ሉመን ይሆናል። ይህን ለማግኘት የተለየ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ በየሱቁ የሚሸጥ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ካርቶኑ ላይ ሉመኑ ተጽፏል። የብርሃኑ ቀለም 6,500 ኬልቪን አካባቢ ቢሆን ለእፅዋቱም ለዓይንም ይስማማል። ገመዱና ሶኬቱ ውሃ እንዳይደርስበት፣ ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ እንዲወጣ ይደረግ፤ የሚንጠባጠብ ውሃ ወደ ሶኬቱ አይሄድም።

የሰዓቱ ብዛት ከአምፖሉ ጉልበት ያላነሰ ቁምነገር ነው። በቀን በ6 ሰዓት ተጀምሮ፣ እፅዋቱ ሥር ሲይዙ ወደ 8 ሰዓት ማሳደግ ይቻላል። ርካሽ ታይመር ይህን በየቀኑ ሳይዛነፍ ይሠራል። ገንዳውን ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ሥር ማስቀመጥ ደግሞ መቆጣጠር የማንችለው ፔዳል መጨመር ነው።

፫. ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ የሚጠቅምም የሚገድልም

የውሃ ውስጥ ተክል ትልቁ ችግሩ ካርቦን ነው። ጋዙ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዝግታ ነው። ለዚህ ነው ጋዝ የሚጨምሩ ሰዎች በሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ለማድረስ የሚሞክሩት። ከ30 ሲያልፍ ግን አደጋው ወደ ዓሣው ይዞራል። ውሃው በጋዙ ሲሞላ ዓሣው በደሙ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወጣት ይቸግረዋል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙም ይደክማል። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን እያለ ዓሣው ሊታፈን ይችላል።

ጋዙን ለማግኘት በሰፊው የታወቁት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሲሊንደር ነው። መቆጣጠሪያ ቫልቭ ስላለው መጠኑን በትክክል ማስተካከል፣ በታይመርም ማብራትና ማጥፋት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ከባድ ነው። ሁለተኛው በውጭ ሀገር መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚመከረው የስኳርና የእርሾ ጠርሙስ ነው። እርሾው ስኳሩን ሲያቦካ ጋዝ ይወጣል፤ ከጋዙ ጋር ግን አልኮል ይፈጠራል፣ ጠርሙሱም ውስጥ ይቀራል። ለመጠጥ የተዘጋጀ ባይሆንም ሑክሙን ማወቅ የፈለገ ኡስታዞችን ይጠይቅ። እኛ ጥርጣሬ የሌለበት አማራጭ ስላለ ወደዚያ እንሄዳለን። በተጨማሪም እርሾ ሌሊት «ቁም» ቢሉት አይቆምም።

ሦስተኛው መንገድ ሲትሪክ አሲድና ሶዳ ነው። የምንለው ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው። 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ከ131 ግራም ሶዳ ጋር ሙሉ በሙሉ ሲዋሃድ 69 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ አልኮል የለበትም። አሲዱ በአንድ ጠርሙስ ሟሙቶ፣ ሶዳው በሌላ ጠርሙስ ሆኖ፣ አሲዱ ጥቂት በጥቂት እንዲሻገር ይደረጋል። ፍጥነቱን ለማየት ብዙዎች ከፋርማሲ የሚገዛውን የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ይጠቀማሉ፤ የጠብታ መቁጠሪያው አረፋ መቁጠሪያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ያ 69 ግራም ጋዝ በአዲስ አበባ አየር 50 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። በተዘጋ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ በአንዴ ቢለቀቅ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ስለዚህ የመስታወት ጠርሙስ ፈጽሞ አይነካም፤ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ይሁን፣ ቱቦውም ሙሉ በሙሉ ተቆልፎ አይተው። ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የማይመልስ ቫልቭ ይግባበት።

መጠኑን በግምት አንተወው። የውሃው የካርቦኔት ጥንካሬና ፒኤች ከታወቁ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 3ን በካርቦኔቱ ጥንካሬ፣ ውጤቱንም በ10 ማባዛት ሲሆን 10ሩ የሚነሳው ወደ «7 ሲቀነስ ፒኤች» ነው። ጥንካሬው 4፣ ፒኤቹ 6.6 ከሆነ መልሱ 30 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ማለትም ጫፍ ላይ ነን። ጋዙ መብራቱ ከመብራቱ አንድ ሰዓት በፊት ይከፈት፤ መብራቱ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ። ሌሊት እፅዋቱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃሉ።

፬. እኛ ያለንበት ቦታ

የውጭ መመሪያዎች የሚጻፉት በአብዛኛው በዝቅተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። ዓሣችን ገና ከመነሻው ያለው ትርፍ ትንሽ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «30 ሚሊ ግራም» የሚለውን እንደ ግብ ሳይሆን እንደ ገደል አፋፍ እንየው፤ 15 ወይም 20 ይበቃናል።

ሁለተኛው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፣ የውሃው ገጽ መነቃነቁን ያቆማል፣ በእጅ የተሠራው የጋዝ ጠርሙስ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ሌሊት ከሆነ ጠዋት የምናገኘው የሞተ ዓሣ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም የመብራት ጌጥ ይቀድማል። ዓሣዎቹ ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ጋዙ ወዲያው ይዘጋ፣ አየር ይነፋ፣ ሲሶው ውሃ ይቀየር።

በመሆኑም ለጀማሪ የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማጣሪያና እንደ አኑቢያስ፣ ቫሊስኔሪያ፣ እንዲሁም በጣና ሐይቅም እንደሚበቅለው ሴራቶፊለም ያሉ በጥቂት ብርሃን የሚበቅሉ እፅዋት፤ ቀጥሎ ደከም ያለ መብራት ለ6 ሰዓት፤ ከሳምንታት በኋላ ጥቂት ዓሣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ እነዚህ እፅዋት ያለሱም ይኖራሉና ጭራሹን ባይመጣም ገንዳው አይጎድልበትም። በየሳምንቱ የሚቀየረው 15 ሊትር ያህል ውሃ ናይትሬት ያለበት ነውና አይደፋ። ለችግኝ ይጠጣ፤ ከኢስራፍም እንድናለን፣ ችግኙም ይጠቀማል።

ለመጀመር ያሰባችሁ ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት የውሃችሁን ፒኤችና ጥንካሬ ለክታችሁ ብታመጡልን ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን፣ ኢንሻአላህ። አላህ በእጃችን ባደረገው ፍጡር ሁሉ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።