ምን ይነቀል? ምን ይተው? የሮክ ክሪክ ጫካ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ሮክ ክሪክን ሳታውቁት አትቀሩም። ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጦ እስከ ፖቶማክ ወንዝ የሚወርደው ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 በኮንግረስ ሕግ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ ስፋቱም 700 ሄክታር ገደማ ነው። ከመኪና መስኮት ሲታይ አረንጓዴ ስለሆነ ጤነኛ ይመስላል። ችግሩ ግን ከአረንጓዴው ውስጥ ከፊሉ ራሱ ጫካውን የሚጎዳ መሆኑ ነው።

ከጎጂዎቹ አንዱ ኢንግሊሽ አይቪ የሚባለው ሐረግ ነው። ለግቢ ማሳመሪያ ከአውሮፓ መጥቶ ከጓሮ ወደ ጫካ ገባ። ቅጠሉ በብርዱ ወራትም አይረግፍም። መሬቱን ሲሸፍን አዳዲስ ችግኞች ብርሃን ያጣሉ፤ ግንድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ዛፉን ስለሚያከብደው ነፋስ በቀላሉ ይጥለዋል። አይቪ የሚያብበውና የሚያፈራው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ያደርሱታል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ በኋላ የአካባቢው ገበሬዎች ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት አይተናል፤ ብዙዎቻችንም ከውጭ ሆነን ገንዘብ አዋጥተናል። አይቪም እንደ እምቦጭ ለዓይን የሚያምር መጤ ነው፤ እሱንም የሚገታው የሰው እጅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ዛፍ ላይ የወጣው ሐረግ ግንዱን ዙሪያውን ከታች ይቆረጣል። ከላይ የቀረው አይጎተትም፤ የዛፉን ቅርፊት ይልጣል፣ ደረቅ ቅርንጫፍም ሰው ላይ ሊጥል ይችላል። ሥሩ ስለተቋረጠ እዚያው ይደርቃል። ዛፉ ዳነ፣ ፍሬውም ቀረ ማለት ነው። መሬት ላይ ያለው ቀስ በቀስ፣ በተለይ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው፣ ከነሥሩ ይነቀላል።

ኩሬው ጋ ሲደረስ ሥራው ይገለበጣል። ጫካው ውስጥ በብርዱና በጸደዩ ዝናብ ሞልተው በበጋ የሚደርቁ ትናንሽ ኩሬዎች አሉ። ስለሚደርቁ ዓሣ አይኖርባቸውም። የጫካ እንቁራሪትና ሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ) በብርዱ መጨረሻ መጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉት ለዚህ ነው። እንቁላሉን የሚበላ ዓሣ የለማ! እንግዲህ ኩሬው እንዳይደርቅ ብሎ የሚያስጠልቀው፣ የረገፈውን ቅጠል የሚያጸዳው፣ ወይም የቤቱን ዓሣ አምጥቶ የሚለቅበት ሰው በቅን ልቦና ይጎዳዋል። ቅጠሉ ለጨቅላዎቹ ምግብና መሸሸጊያ ነው። እዚህ የበጎ ፈቃደኛው ሥራ ቆሻሻ መልቀም፣ ከመንገዱ አለመውጣትና ውሻን ከውኃው ማራቅ ነው።

በሸለቆው ጥቂት ምንጮች ውስጥ ደግሞ ዓይን የሌላት፣ ቀለም አልባ፣ ከሽሪምፕ ወገን የሆነች ኢምንት ፍጥረት ትኖራለች። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለመጥፋት በተቃረቡ የአገሪቱ እንስሳት መዝገብ ላይ ትገኛለች። በውኃ ብክለት ምንጮቹ ቢበላሹ የምትሄድበት የላትም።

መሳተፍ ለምትፈልጉ፦ ቦታው የፌዴራል መሬት ስለሆነ በራስ ፈቃድ መቁረጥ አይቻልም። ሮክ ክሪክ ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት ከፓርኩ ጋር ሆኖ በጎ ፈቃደኞችን ያሰማራል፤ ያሠለጥናልም። ረጅም ሱሪና ጓንት ልበሱ፤ ስትመለሱ መዥገር እንዳልያዛችሁ ሰውነታችሁን ፈትሹ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዘን አይቪን መለየት ሳትማሩ ምንም አትንኩ፤ ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል። ያውም የአገሩ ተክል ነው፤ ፍሬው ወፎችን ስለሚመግብ አይነቀልም።

ከማኅበራችን አሥር ሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢወጣ በርካታ ዛፎችን ነፃ ያወጣል። ተመርቀን ከከተማው ብንሄድም ዛፎቹ ይቀራሉ።